«በዚህ ውጤት እገባለሁ?»

ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ማመልከቻ ደርሶት 930 ተማሪ አስገባ። ስታንፎርድ ከ7 ሺህ በላይ አመልካቾች ውስጥ 420 ገደማ ወሰደ። እነዚህን ቁጥሮች አይቶ ላፕቶፑን የሚከድን ሰው ብዙ ነው። ያልከደነው ደግሞ ወዲያው የራሱን ቁጥሮች ይደረድርና ያውቃል ብሎ ያሰበውን ሰው ይጠይቃል፦ «ጂማት ይህን ያህል፣ ሲጂፒኤ ይህን ያህል፣ የሥራ ልምድ ይህን ያህል ዓመት። በዚህ ውጤት እገባለሁ?»

ጥያቄው ክፉ አይደለም። ቅርጹ ግን የ12ኛ ክፍል ጥያቄ ቅርጽ ነው። እዚህ አገር የተማረ ሰው ሁሉ ዕጣውን የወሰነለት መቁረጫ ነጥብ ነው፤ የደረሰ ያልፋል፣ ያልደረሰ ይቀራል፣ መሃል የለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ሲነገር አገር ደነገጠ፤ የአንድ ወጣት ዕድል በአንድ ቁጥር መወሰኑን የጠየቀው ግን ጥቂት ነው። በእንዲህ ዓይነት ወንፊት ያለፈ ልጅ ዓለም በሙሉ በወንፊት የሚሠራ ይመስለዋል። ትልልቆቹ ቢዝነስ ስኩሎች መቁረጫ ነጥብ የላቸውም። ቢኖራቸው ቁርጥን አውቆ ማረፍ ይቻል ነበር። ስለሌላቸው አመልካቹ ራሱን መመዘን ግድ ይሆንበታል፤ ይህን ደግሞ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ማንም አላስተማረውም።

አንዲት የ28 ዓመት ወጣት አለች። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ የብድር ባለሙያ ናት፤ ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ በ3.42 ተመርቃለች። ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትኖራለች። የቤታቸው ጣሪያ ክረምት በመጣ ቁጥር በሁለት ቦታ ያፈሳል። በወር 10 ሺህ ብር ዕቁብ ትጥላለች፤ ዕጣው ሲወጣላት 120 ሺህ ብር ይደርሳታል። ብሩ ለጣሪያው ታስቦ ነበር። ከዚያ ኤምቢኤ የሚባል ነገር መጣ።

ሒሳቡን ያየ ሰው ራስን መመዘን ለምን ቀልድ እንዳልሆነ ይገባዋል። የጂማት ፈተና ወደ 300 ዶላር ይጠጋል። የአንዱ ትልቅ ትምህርት ቤት የማመልከቻ ክፍያ 250 ወይም 275 ዶላር ነው። ልጅቷ መጀመሪያ በጻፈችው ዝርዝር ላይ ሰባት ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ከፈተናው ጋር ከ2,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። በቀድሞው ምንዛሪ ዕቁቡ ሰባቱንም ይሸፍን ነበር። በአዲሱ ግማሹን ብቻ። በዶላር ደሞዝ ለሚኖር አመልካች አንድ ትምህርት ቤት መጨመር ወይም መቀነስ የስሜት ጉዳይ ነው። ለእሷ እያንዳንዱ ማመልከቻ ከጣሪያው ላይ የሚነሳ ቆርቆሮ ነበር። (አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለተቸገረ አመልካች ክፍያውን እንደሚተዉ ያወቀችው ዘግይታ ነው። የፈተናውንም ክፍያ በካርዷ የከፈለችላት ዱባይ ያለችው የአክስቷ ልጅ ናት።)

ስለ ጂማት ብዙ ይወራል፣ አብዛኛውም ወሬ ያረጀ ነው። ፈተናው እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ ተለውጧል። አሁን ሦስት ክፍል አለው፦ የሒሳብ፣ የቋንቋና የመረጃ ትንተና፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ በድምሩ 64 ጥያቄ። ውጤቱም ከ205 እስከ 805 ነው እንጂ እንደ ድሮው ከ200 እስከ 800 አይደለም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስንቱን ተስፋ ያስቆረጠ ነገር ግን ነው። ልጅቷ በፈተናው ባለቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ከሚሰጡት ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች የመጀመሪያውን ስትሠራ 535 አመጣች። ከሰባት ወር ጥናት በኋላ፣ ማታ ማታ ከሥራ መልስ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ብርሃን፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. እውነተኛውን ፈተና ተቀምጣ 655 ይዛ ወጣች። ከዚያ የሃርቫርድ መካከለኛ ውጤት 740 መሆኑን አነበበችና ለሁለት ቀን ከሰው አልተነጋገረችም።

740 የድሮው መለኪያ ነው። በአዲሱ 685 ገደማ ላይ ይውላል። በአዲሱ 645 ያመጣ ሰው ደግሞ ተራው በድሮው 700 ካመጣው ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ 655 ከ740 ጋር 85 ነጥብ የሚራራቅ ውጤት አይደለም፤ ከመካከለኛው በ30 ነጥብ ዝቅ የሚል ነው። መካከለኛ ማለት ደግሞ ግማሹ ተማሪ ከዚያ በታች አምጥቶ ገብቷል ማለት ነው። ይህን አረፍተ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ይጠቅማል፤ በመቁረጫ ነጥብ ያደገ አእምሮ «መካከለኛ» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ «ዝቅተኛ» ብሎ ይሰማዋልና።

ነገር ግን ማጽናናቱ እዚህ ላይ ማቆም አለበት። ከመካከለኛው በታች የገቡት እነማን ናቸው? ስሙ ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ፣ ስሙ በታወቀ ድርጅት የሠራ ሰው ጂማቱ ዝቅ ቢል አንባቢው የሚመለከተው ሌላ ብዙ ማስረጃ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ትራንስክሪፕት በዓመት ስንት ጊዜ የሚያይ የቅበላ ሠራተኛ አለ? እዚያ 3.42 ማለት ከክፍሉ ስንተኛ እንደሆነ አያውቅም። ለእንዲህ ዓይነቷ አመልካች ጂማት ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ሜዳ የምትቆምበት ብቸኛው ቁጥር ነው። ስለዚህ ለእሷ ከሌላው የበለጠ ይመዝናል። ፍትሐዊ ነው ወይ ከተባለ አይደለም። 655 በሯን የሚዘጋ ውጤት አይደለም፤ «ስለ ሒሳቧ አታስቡ» የሚያሰኝ ውጤትም አይደለም። ሐቀኛው ፍርድ ይኸው ነው፤ ደስም አይልም፣ አያስለቅስም።

ስለ ሲጂፒኤው ብዙ የሚባል የለም። አንደኛ ዓመት ላይ አባቷ ታመው የሞቱበት ሴሚስተር ሁለት ሲ አለ፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ወደ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ነጥቧን ወደ አሜሪካ ስሌት እቀይራለሁ ብላ ደከመች። መቀየር አያስፈልግም ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን እንዳለ ነው የሚፈልጉት። ይልቅ የሚያስፈልገው ስለዚያ ሴሚስተር ሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። ሁለት ብቻ።

የሥራ ልምዱ ላይ ግን ረዘም ብሎ መቆየት ይገባል፤ አብዛኛው የእኛ አገር አመልካች ራሱን አሳንሶ የሚመዝነው እዚህ ላይ ነውና። የመጀመሪያው ሲቪዋ እንዲህ ይል ነበር፦ የብድር ጥያቄዎችን መቀበል፣ የመያዣ ንብረት ግምት መከታተል፣ የደንበኞችን ሰነድ ማደራጀት፣ በሥራ አስኪያጁ የሚሰጡ ሌሎች ሥራዎችን ማከናወን። ይህ የሰው ታሪክ አይደለም። ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የሥራ ዝርዝር ነው። በዚያ ወንበር የተቀመጠ ማንኛውም ሰው ያንኑ ሲቪ ማስገባት ይችላል።

እውነታው ይኸውና። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጀ። ዓላማው የዋጋ ንረትን መግታት ነበር። ቅርንጫፍ ላይ ሲደርስ ግን መልኩ ሌላ ነው፤ ሰነዱ የተሟላ፣ መያዣው የተገመተ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ና» የተባለ ነጋዴ መጥቶ ደጅ ላይ ይቀመጣል፣ የሚሰጠው ብር ደግሞ የለም። ሌሎቹ ባለሙያዎች «ከላይ የመጣ ነው» ብለው መለሱ። ውሸት አልተናገሩም።

እሷ ያየችው ሌላ ነገር ነው። ጣሪያው የተቀመጠው በብድሩ ዕድገት ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ተበዳሪ ቀድሞ በከፈለ ቁጥር ለሌላው ቦታ ይለቀቃል። የቅርንጫፉን ተበዳሪዎች አንድ በአንድ አወጣችና ማን እጁ ላይ ብር የሚገባው መቼ እንደሆነ በሠንጠረዥ ጻፈች። የግል ትምህርት ቤት ባለቤቱ መስከረም ላይ ነው፣ ክፍያ ሲሰበስብ። የእህል ነጋዴው ከአዝመራ በኋላ። የሐበሻ ልብስ ሻጯ ለገናና ለጥምቀት፣ ከዚያ ለፋሲካ። ከዚያ ስልክ አነሳች። የክፍያ ቀናቸው ሳይደርስ ብር በገባላቸው ሰሞን ከፍለው ወለድ እንዲቀንስላቸው አግባባቻቸው። በስምንት ወር ውስጥ በተለቀቀው ቦታ 11 ትናንሽ ነጋዴዎች ተበደሩ። ከእነሱ ውስጥ አንዱ ዳቦ ቤት ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ይህ በሲቪው ላይ አልነበረም። ለምን ስትባል መልሷ «እሱማ ሥራዬ ነው» የሚል ነበር። ስለዚሁ ነገር ኋላ ስትጽፍም ከላይ እስከ ታች «አደረግን»፣ «ወሰንን»፣ «ተነጋገርን» አለች። በእኛ ዘንድ እኔ እኔ ማለት ነውር ነው፤ ያደገ ልጅ ራሱን አያወድስም። መልካም ነገር ነው፣ በዚህ ጉዳይ ግን ያጠፋል። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ከአንድ «አደረግን» ውስጥ የእሷን ድርሻ ለይቶ የሚያወጣበት መንገድ የለውም። መፍትሔው ጉራ አይደለም። ሠንጠረዡን የሠራው ማን ነው? እሷ። ስልኩን የደወለው ማን ነው? አብዛኛውን እሷ፣ የቀረውን አንድ ባልደረባዋ። ወለዱ እንዲቀነስ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያስፈቀደው ማን ነው? ሥራ አስኪያጁ። እንዲህ ብሎ መለየት ጉራ አይባልም፤ እንደ ደረሰኝ መቁረጥ ያለ ነው፣ ማን ምን እንዳወጣ ማሳየት።

ከዚህ የሚቀጥለው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። ብዙ ጎበዝ የኢትዮጵያ አመልካች የሚሰናከለው እዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ራስሽ ጽፈሽ አምጪልኝ፣ ማኅተም አስመትቼ እፈርምልሻለሁ» አሏት ሥራ አስኪያጁ። ክፋት የለበትም። እዚህ አገር ደብዳቤ የሚሠራው እንደዚያ ነው፦ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ይጀመራል፣ ታታሪ፣ ታማኝና ሰዓት አክባሪ መሆኗ ይገለጻል፣ በመልካም ሥነ ምግባር በማገልገል ላይ ትገኛለች ተብሎ ይዘጋል፣ ማኅተም ያርፍበታል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ በኢሜይልዎ ገብተው የሚሞሉት ነው። እኔ ማየትም አይፈቀድልኝም።»

«ማኅተምስ?»

«ማኅተም የለውም።»

ማኅተም የሌለው ደብዳቤ መሆኑ እኚህን ሰው ከሁሉ በላይ ግራ አጋባቸው። ቀጥሎ ጥያቄዎቹን አነበቡ። ብዙዎቹ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የጋራ ቅጽ ሁለት ዋና ነገር ይጠይቃል፦ ይህች ሰው በተመሳሳይ ሥራ ላይ ካሉ ሌሎች ጋር ስትነጻጸር እንዴት ናት? ለማሻሻል ብለው የሰጧት ዋናው አስተያየት ምን ነበር፣ እሷስ እንዴት ተቀበለችው? ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስለ ድክመትሽ ነው እኮ የሚጠይቁኝ። ሠራተኛዬን ለፈረንጅ አላማም!»

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው ብዙ ሰው የሚሄድበት ነው፦ የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ ራስ መጻፍ። ይህ ከማታለል አይለይም፤ ከተደረሰበት ማመልከቻውን ያስጥላል፣ ባይደረስበትም ደብዳቤው የአመልካቿን ድምፅ ይዞ ይወጣና ሁለት ጊዜ የተነበበ ኢሴይ ይሆናል። እሷ ሌላውን መረጠች። ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ በኋላ ቡና ጋበዘቻቸውና ያደረጉትን ነገር አስታወሰቻቸው፤ የሚጻፈውን ለእሳቸው ተወች። ስለ ድክመቱ ስትጠይቃቸው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ አንቺ ሥራ ለሰው መስጠት አይሆንልሽም። ያቺ ሠንጠረዥሽ ጊዜ ሁለቱ አዳዲስ ልጆች ዳር ቆመው ነው ያዩሽ። አንቺ ስትታመሚ ሠንጠረዡም አብሮሽ ታመመ።»

ከሰባት ወር ጥናትና ከአንድ ሙሉ ዓመት ንባብ በኋላ ያገኘችው እውነተኛ ምዘና ይህ ነበር። ነፃ ነው። በ30 ብር ቡና የተገኘ ነው።

ቢዝነስ ስኩሎች «አመራር» የሚሉትን ቃል በድረ ገጻቸው ላይ እስኪሰለች ይደጋግሙታል፣ ስለዚህ ማንም ቆም ብሎ አያስበውም። ከእሷ ጋር የሚወዳደሩት ብዙዎቹ ከአማካሪ ድርጅቶችና ከኢንቨስትመንት ፈንዶች የሚመጡ ናቸው፤ ማኪንዚ የሠራ ሰው ስሙን ብቻ ቢጽፍ ምን ዓይነት ሥልጠና እንዳገኘ አንባቢው ያውቃል። እሷ ያ ስም የላትም። ያላት የራሷ ነገር ነው፦ መያዣ የሌለው ነጋዴ ለምን ብድር እንደማያገኝ በስድስት ዓመት ውስጥ በዓይኗ አይታለች፤ ከባንኩ መዝገብ ውጪ ማን ታማኝ ከፋይ እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ እንዳለም አይታለች። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በምክር ቤት ሲጸድቅ፣ ጥር ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሲከፈት፣ ይህ ዕውቀት ዋጋው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። «ለምን ኤምቢኤ፣ ለምን አሁን» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለው አመልካች ብዙ አይገኝም። የጎደለው ሰው መምራት ነው፤ የጎደለውን ደግሞ አለቃዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሯት።

ከሥራ ውጪስ? «ምንም የለኝም» ነበር መልሷ። በጎ ፈቃድ ማለት ቲሸርት ለብሶ ፎቶ የሚነሱበት ነገር መስሏት። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የእናቷ ዕድር ሒሳብ ያዥ ናት። 230 አባል ያለው የሰፈር ዕድር፣ በእጅ የተጻፈ መዝገብ፣ መዝገቡን ለ20 ዓመት የያዙ አንድ አዛውንት። ሒሳቡን ወደ ኮምፒውተር ስታዛውር ገንዘብ እንዳልጎደለ፣ ግን ከ40 በላይ አባላት ውዝፍ እንዳለባቸው ወጣ፤ አዛውንቱ አይተው እንዳላዩ ያለፏቸው ድሆች ነበሩ። ዕድሩ ለሁለት ተከፈለ። ደንቡ ይከበር የሚል ወገን አለ፣ የደሃ ስም አይነሳ የሚል ወገን አለ። እሷ ውዝፉን በጉልበት አገልግሎት፣ ድንኳን በመትከልና ወንበር በማመላለስ፣ የሚከፍሉበትን ሐሳብ አቀረበች። አዛውንቱም ሐሳቡን በራሳቸው ስም ለጉባኤው እንዲያቀርቡ አደረገች። ዕድር መሆኑ ብቻ ለውጭ አንባቢ ልዩ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ያ አይበቃም፣ ለጌጥ የገባ ባህል ወዲያው ይታወቃል። ቁም ነገሩ ጠቡን እንዴት እንዳረገበችው ነው። ስታንፎርድ አመልካቾቹን በሕይወታቸው ውስጥ ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚሰጡት ነገር ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። አራት ጊዜ ጽፋ ቀደደች። በአምስተኛው ስለነዚያ አዛውንት ጻፈች።

በነገራችን ላይ፣ «እናስገባለን» የሚሉ ኤጀንሲዎችም አሉ። አንዱ ጋ ሄዳ ነበር። ሲቪዋን ሳያነብ ክፍያውን ነገራት። ስለነሱ ይህ ይበቃል።

የገንዘቡ ጥያቄ ከመግባት በኋላ የሚመጣ ስለሚመስል ብዙ ሰው ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስሕተት ነው፤ የት ማመልከት እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። የሃርቫርድ የትምህርት ክፍያ ብቻ በዓመት ከ76 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ኑሮ ሲጨመር ከ110 ሺህ ያልፋል፤ ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። ይህን ያየ ሰው «ለሀብታም ነው» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን ሃርቫርድ ሲቀበል የመክፈል አቅምን አይመለከትም፣ እርዳታውንም የሚሰጠው በችግር መጠን ነው። ስታንፎርድ ከአፍሪካ ለሚመጡ ጥቂት ተማሪዎች የትምህርት ክፍያቸውን የሚሸፍን ፌሎውሺፕ አለው፤ ግዴታው ከምረቃ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አፍሪካ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት መሥራት ነው። ለአንዳንዱ ይህ ማነቆ ነው። ለእሷ መጀመሪያውኑ ያሰበችው ነገር ነው። ፈረንሳይ ያለው ኢንሲያድ ደግሞ ትምህርቱን በአሥር ወር ይጨርሳል፤ ወንድሟ ገና ኮሌጅ ላለ፣ የቤቱ ደሞዝ የእሷ ብቻ ለሆነ ሰው በአሥር ወርና በሁለት ዓመት መካከል ያለው ልዩነት የትምህርት ጥራት ጉዳይ አይደለም፤ የቤት ኪራይና የጤፍ ጉዳይ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ከሰባቱ አራቱ ራሳቸው ከዝርዝሩ ወጡ። ስማቸው ከሦስቱ ያነሰ አይደለም፤ ለእሷ ኑሮ የሚሆን መንገድ ስላልነበራቸው ነው።

ቪዛው ሌላ ስጋት ነው። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የትራምፕ አስተዳደር ሃርቫርድ የውጭ ተማሪ የማስገባት ፈቃዱን እንደሰረዘ ሲያስታውቅ እናቷ ዜናውን ከቴሌቪዥን ሰምታ «ይኸው፣ እግዜር ሲከለክልሽ ነው» አለቻት። በማግስቱ ፍርድ ቤት አገደው። እናቷ የማግስቱን ዜና አልሰማችም፤ ወይም ሰምታ ዝም አለች።

የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ ነሐሴ ሊያልቅ፣ ጳጉሜን ሲቃረብ ይዘጋል። ሁለተኛው የገና ዋዜማ አካባቢ ነው። እሷ ለመጀመሪያው እየተዘጋጀች ሳለ ሐምሌ ላይ ባንኩ አዳማ በሚገኝ ቅርንጫፍ የምክትል ሥራ አስኪያጅነት ቦታ ሰጣት። ለመቀበል የተሰጣት ጊዜ አሥር ቀን ነው። ጓደኞቿ «እንዴት እዚህ ደርሰሽ ታቆሚያለሽ?» አሏት። ክርክራቸው ባዶ አይደለም፤ አሁን 28 ናት፣ ክፍል ውስጥ የሚገቡት ሰዎች አማካይ ዕድሜ ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ሲዘገይ ወኔም ይበርዳል። በሌላ በኩል፣ አሁን ብታመለክት የምታስገባው ፋይል ጥሩ ታሪክ፣ ከመካከለኛው ዝቅ ያለ ጂማትና «ሰው አልመራችም» የሚል ክፍተት ያለበት ነው። በዓመቱ ብታመለክት ክፍተቱ ወይ ይሞላል ወይ ክፍተት መሆኑ ይረጋገጣል። ጂማቱን ደግማ ለመፈተንም ጊዜ አላት። ዕድሜ ደግሞ ገደብ የለውም፤ በ30 ዓመታቸው የሚገቡ አሉ። በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋጀ ማመልከቻና በ17 ወር የተዘጋጀ ማመልከቻ ክፍያቸው እኩል 250 ዶላር ነው፤ ዕድላቸው ግን እኩል አይደለም።

በስምንተኛው ቀን ደብዳቤውን ፈረመች። ነሐሴ ላይ የዕቁቡ ዕጣ ወጣላት። ጣሪያው ክረምቱ ሳይወጣ ተሠራ፤ የተረፈው 31 ሺህ ብር ለማመልከቻ ክፍያ ተብሎ ተቀመጠ። የጂማት ውጤቷ ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ እስከ ሚያዝያ 2022 ዓ.ም.።

አዳማ ስትደርስ በሥሯ ዘጠኝ ሠራተኞች ነበሩ። በመጀመሪያው ወር ሁለቱ የሥራ መልቀቂያ አስገቡ። አንዷን የብድር ክትትሉን ሙሉ በሙሉ ለቃ ሰጠቻትና ቀረች። ሌላው ሄደ።